ስለ ደረጃው ተክልና ስለ ሊቀመንበሩ አፍ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የስብሰባው ዓይነት፦ የሕንፃው ነዋሪዎች የጥንቃቄ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ
ቀን፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ
ቦታ፦ ምድር ቤት፣ ብስክሌት የሚቀመጥበት ክፍል
ሰዓት፦ ለስምንት ተጠርቶ ዘጠኝ ሊሞላ ሲል የተጀመረ

የተገኙ አባላት፦
1. ሊቀመንበሩ፣ የምድር ቤት ነዋሪ፣ ቀድሞ የመጋዘን ኃላፊ (በሌሉበት «ጋሽ መመሪያ» የሚባሉ)
2. ጡረተኛው ፖስተኛ፣ ሁለተኛ ፎቅ
3. ልብስ ሰፊዋ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የሚጡ እናት
4. ነርሷ፣ ሦስተኛ ፎቅ (ከሌሊት ተረኝነት በቀጥታ የመጣች፣ ስለዚህም ትዕግሥቷ ያነሰ)
5. እትዬ ባለሱቅ፣ ምድር ቤት
6. ጠበቃው፣ አራተኛ ፎቅ
7. ቧንቧ ሠራተኛው፣ አራተኛ ፎቅ
8. ጸሐፊው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ባልነበረበት ስብሰባ በሙሉ ድምፅ የተመረጠ

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ ስምንቱም አባላት ካልተገኙ ስብሰባ እንዳይደረግ ይላል። ደንቡ የወጣው ጸሐፊው በሌለበት ከተመረጠ በኋላ፣ በራሱ በጸሐፊው አቤቱታ ነው። ሰባት አባላት ተገኝተው ስምንተኛው ሲጠበቅ ቧንቧ ሠራተኛው ብስክሌቱን ሊወስድ ብቅ አለ። ሊቀመንበሩ በሩን ከኋላው ዘግተው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አበሠሩ። ቧንቧ ሠራተኛው ደንበኛ ቤት ውሃ እየፈሰሰ መሆኑን አስታውቋል፤ ተመዝግቧል።

አጀንዳ አንድ፦ በሁለተኛው ፎቅ የደረጃ መታጠፊያ ላይ ስለቆመው ተክል

ሊቀመንበሩ «ሳይቃጠል በቅጠል» በሚል መክፈቻ ንግግራቸውን ጀመሩ። እትዬ ባለሱቅ በዚህ ጉዳይ ያቃጠለው ራሱ ቅጠሉ መሆኑን ስላሳሰቡ ሊቀመንበሩ መክፈቻውን ትተው ወደ ዝርዝሩ ገብተዋል። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ዓመት ያለፋት ሚጡ ከተክሉ ቅጠል ነክሳ አፏና ምላሷ ማበጡን፣ ለሃጯ እየተዝረበረበ ጤና ጣቢያ መወሰዷን፣ በዚያው ቀን ማምሻውን ድና ብስኩት እየጠየቀች መመለሷን አስታውሰው፣ «በመካከላችን ነፍሰ ገዳይ ተሸሽጓል» ብለዋል። ፖስተኛው በበኩላቸው ተክሉ እንዳልተሸሸገ፣ ደረጃው ላይ በግልጽ ከቆመ ብዙ ዘመኑ እንደሆነ፣ ሊቀመንበሩም ለቁጥጥር ሲወጡና ሲወርዱ ቅጠሉን እየዳሰሱ «እንዴት ያምራል» ይሉ እንደነበር በትሕትና አስረድተዋል።

ነርሷ ማብራሪያ እንድትሰጥ ተጠየቀች። ሰፋፊ ቅጠሉ ላይ ነጭ ጠቃጠቆ ያለበት ይህ ተክል በየቤቱና በየቢሮው የሚገኝ መሆኑን፣ በጭማቂው ውስጥ በዓይን የማይታዩ መርፌ መሳይ ነገሮች ስላሉት ሲታኘክ አፍን እንደሚያቃጥልና እንደሚያሳብጥ፣ የነካው ቆዳና ዓይንም እንደሚቆጣ ገለጸች። አብዛኛውን ጊዜ ሰው እንደማይገድል፣ እብጠቱ ግን መተንፈስ ካስቸገረ ለደቂቃም መዘግየት እንደማይገባ አሳሰበች። ያኘከውን ሰው ለጊዜው መናገር ሊያቅተው እንደሚችልም አከለች። በዚህ ጊዜ እትዬ ባለሱቅ አንድ ግንድ ለስብሰባ አገልግሎት እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ሰፊ ድጋፍ ቢያገኝም ሊቀመንበሩ ድምፅ አላሰጡበትም።

ጠበቃው ተከሳሹ ባልቀረበበት ፍርድ መስጠት ከሥነ ሥርዓት ውጭ መሆኑን አስገንዝበው፣ «ነገሩ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን» ብለዋል። ተክሉ ወርዶ ይቅረብ የሚል ሐሳብ ቢነሳም ማሰሮውን ማን ይሸከማል የሚለው ጥያቄ ስላልተፈታ፣ ተከሳሹ በሌለበት ነገሩ ቀጥሏል።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ፖስተኛው እያየች ቃሏ እንዳለ እንዲመዘገብላት ጠየቀች። የሚከተለው ነው፦ «እኔ ከጋሼ ጋር ጠብ የለኝም። ልጄ ጠዋት ጠዋት ኩባያዋን ይዛ በራቸው ላይ የምትቆመው እኔ ልኬያት አይደለም፤ ስለምትወዳቸው ነው። ግን ያን ቀን አፏን ከፍታ ድምፅ አልወጣ ሲላት ያየሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ መቀሴን እያስቀመጥኩ አፏን ከፍቼ አያለሁ።»

ፖስተኛው ሲመልሱ ተክሉ የሟች ባለቤታቸው መሆኑን፣ ከመስኮቱ ብርሃን እንዲያገኝ ብላ እዚያ እንዳስቀመጠችው፣ እሷ ካረፈች ወዲህ ከሚጡ ጋር እየተጋገዙ እንደሚያጠጡት፣ ሚጡም የኩባያዋን ውሃ አብዛኛውን ጫማቸው ላይ እንደምታፈስ ገልጸዋል። ኮሚቴው የወሰነውን ግን እንደሚቀበሉ ተናግረው፣ «በሥራ ዘመኔ የተሰጠኝን ሳላደርስ አድሬ አላውቅም» ብለዋል። ሊቀመንበሩ ዲሲፕሊናቸውን አመስግነው ለሌሎች አባላት አርአያ እንዲሆን አሳሰቡ።

ውሳኔ አንድ፦ ከረዥም ውይይት በኋላ ተክሉ ወዲያውኑ ተቆርጦ እንዲወገድ በሰባት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወሰነ። ልብስ ሰፊዋ እጇን ያወጣችው ወለሉን እያየች ነው። ቧንቧ ሠራተኛው እጁን የዘረጋው ወደ ብስክሌቱ ቢሆንም እንደ ድጋፍ ተቆጥሯል። ድምፅ ያልሰጡት ፖስተኛው ናቸው።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ የደረጃው አምፖል «ወዲያውኑ» እንዲቀየር ከተወሰነ ሁለት ክረምት አልፎታል። በዚህ ኮሚቴ ቃሉ የሚያስደነግጠው ሰው አልነበረም።

ፖስተኛው ፈቃድ ጠይቀው ወጡ። ወዴት እንደሆነ የጠየቀ የለም። ጠበቃው ምልዓተ ጉባኤው ፈርሷል ብለው ሲቃወሙ፣ ሊቀመንበሩ የፖስተኛው ባርኔጣ ወንበሩ ላይ እስካለ ድረስ ባለቤቱ እንዳለ እንደሚቆጠር መመሪያ ሰጡ።

አጀንዳ ሁለት፦ በየቤቱ ስለሚገኙ አደገኛ ነገሮች

አባላት በጥሪው ወረቀት በታዘዘው መሠረት ከየቤታቸው የሚጠረጥሩትን ነገር ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ደርድረዋል። ከቀረቡት ውስጥ በረኪና፣ ላምባ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ከብስክሌቱ ሣጥን ያወጣው የቧንቧ መክፈቻ አሲድ፣ የአይጥ መርዝ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ የደም ግፊት ክኒን፣ የበቀለና አረንጓዴ የመሰለ ድንች፣ ክብ የአሻንጉሊት ባትሪ፣ እንዲሁም ለብል መከላከያ የሚሆኑ የናፍታሊን ኳሶች ይገኙበታል። ኳሶቹን ጠበቃው ከረሜላ መስለዋቸው አንዷን አንስተው ነበር። ነርሷ እጃቸውን መታ አድርጋ አስጥላቸዋለች። ጠበቃው ድርጊቱ በቃለ ጉባኤ እንዳይገባ ጠይቀዋል፤ ጥያቄያቸው ገብቷል።

ነርሷ ከሁሉ የምትፈራው ያቺን ትንሽ ባትሪ መሆኑን ተናገረች። ልጅ ከዋጣት ጉሮሮ ላይ ተሰክታ በሰዓታት ውስጥ ሥጋ እንደምታቃጥል ስታስረዳ፣ እስከዚያ ድረስ ባትሪዋን በጣታቸው ሲያሽከረክሩ የነበሩት ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው አስቀመጧት። ቀጥላም በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ እንደሚያወጣ አስጠነቀቀች። ቧንቧ ሠራተኛው እሱ ሁልጊዜ እየቀላቀለ እንደሚጠቀም፣ «ኃይል እንዲኖረው ነው» ሲል እየሳለ ገለጸ። ነርሷ ሳሉ የጀመረው መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። ቧንቧ ሠራተኛው ማሰብ ጀመረ፤ እስከ አጀንዳው ማብቂያም ሲያስብ ቆየ።

እትዬ ባለሱቅ ሁለት ሦስት አባላት በየተራ ወደሳቸው ስላዩ በቁጣ ተነስተው፣ «ምን ታዩኛላችሁ? ከሱቄ መርዝ ያልሆነ ነገር አምጡ እስቲ! ጨውም ቢሆን በኩባያ ከቃሙት ይገድላል። እንግዲህ ጨው ልትከለክሉኝ ነው?» ብለዋል። ሊቀመንበሩ ሐሳቡን ወደዱት። ጨውን፣ ድንችንና ሽቶን የሚመለከት ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ጠይቀው፣ ንዑስ ኮሚቴውን የሚመራ ሰው ስላልተገኘ ድንች ብቻዋን ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈች።

ጠበቃው በዚህ መሐል ከግቢው በር አጠገብ ሊቀመንበሩ በእጃቸው የተከሉት ጉሎ መኖሩን አነሱ። ነርሷም የጉሎ ፍሬ ታኝኮ ከተዋጠ በደረጃው ላይ ካለው ተክል ጋር ጨርሶ እንደማይወዳደር፣ እሱ በእርግጥ የሚገድል መሆኑን አረጋገጠች። ሊቀመንበሩ ጉሎው ለጥላ የተተከለ ነው አሉ። እትዬ ባለሱቅ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለውን ተረት ማንን እንደሚመለከት ሳይገልጹ ጠቀሱ። ሊቀመንበሩ ጉሎው ከአጥሩ ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ውጭ ስለሆነ ከኮሚቴው ሥልጣን ክልል ውጭ መሆኑን አስረድተው፣ ክርክሩን ዘጉ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ባዶው የፖስተኛው ወንበር ስታይ ጸሐፊው አይቷታል።

ውሳኔ ሁለት፦ ከረዥም ውይይት በኋላ ማንኛውም ሲዋጥ፣ ሲሸተት ወይም ሲነካ የሚጎዳ ነገር ከሕንፃው እንዲወጣ ተወሰነ። ይህ ከሆነ ልብስ ማጠብም ሆነ ሽንት ቤት ማጽዳት እንደሚቀር ነርሷ ስታሳስብ፣ ውሳኔ ሁለት ሳይሻር ውሳኔ ሦስት ተከተለው።

ውሳኔ ሦስት፦ የተባሉት ነገሮች ሁሉ በዚሁ ክፍል ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ እንዲቆለፉ ተወሰነ። ቁልፉን ማን ይያዝ በሚለው ላይ አባላት ለአርባ ደቂቃ ያህል እርስ በርስ እንደማይተማመኑ በጨዋነት ተገላለጹ። በመጨረሻም ቁልፉ ለበለጠ ጥንቃቄ በራሱ በቁም ሣጥኑ ውስጥ እንዲቆለፍ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ባርኔጣው በድጋፍ ተመዝግቧል።

አጀንዳ ሦስት፦ ስለ ጠርሙሶች

በዚህ ሕንፃ በረኪናም ሆነ ላምባ ወይም ፈሳሽ ሳሙና የሚቀመጠው በባዶ የውሃ ጠርሙስ ነው። በየቤቱም የራሱ መለያ አለው። ልብስ ሰፊዋ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስራለች። እትዬ ባለሱቅ ወረቀቱን ግማሹን ይልጣሉ። ቧንቧ ሠራተኛው ክዳኑን በጥርሱ ይነክሳል። የትኛው ክዳን እንደሆነ ግን በወቅቱ ትዝ አላለውም። ሊቀመንበሩ ምልክት የሚያስፈልገው ሰነፍ ሰው ነው ብለው፣ እሳቸው በማስታወስ ብቻ እንደሚለዩ፣ በመጋዘን ዘመናቸውም ይኸው ዘዴ አሳፍሯቸው እንደማያውቅ ተናገሩ።

ነርሷ ከሁሉ የሚሻለው በመጣበት ዕቃ መተው ነው፣ ልጅ የሚያውቀው ውሃ በዚህ ጠርሙስ እንደሚጠጣ ብቻ ነው አለች። ሐሳቡ ቀላል በመሆኑ አባላት አጥጋቢ ሆኖ አላገኙትም። አንድ ወጥ ምልክት እንዲኖር ተስማምተው ቀይ ክር መረጡ። ነገር ግን ግማሾቹ ቀይ የሚያመለክተው አደጋን ነው ሲሉ፣ ግማሾቹ ክር የሚታሰረው ለሚጠበቅ ነገር ስለሆነ የሚጠጣውን ያመለክታል አሉ። ድምፅ ሲሰጥ አራት ለአራት ሆነ (ባርኔጣው ከአደጋ ወገን)።

ውሳኔ አራት፦ ሁለቱንም ወገን ላለማስቀየም፣ ከሁለተኛው ፎቅ በታች ቀይ ክር መርዝ፣ ከሁለተኛው ፎቅ በላይ ቀይ ክር የሚጠጣ፣ በራሱ በሁለተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ እንደ ሁኔታው እንዲሆን ተወሰነ። ነርሷ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። ጸሐፊው ተኝታ መስሎት ነበር፤ አልተኛችም።

ሊቀመንበሩ በውሳኔው መርካታቸውን ገልጸው፣ ብዙ ስለተናገሩ ጉሮሯቸው መድረቁን አመለከቱና ከጠረጴዛው ላይ ክር የሌለበትን ጠርሙስ አንስተው ጉንጫቸውን ሞሉ።

ድንገተኛ አጀንዳ፦ የሊቀመንበሩ አፍ

ሊቀመንበሩ የጎረሱት ራሳቸው ለናሙና ያመጡትን ፈሳሽ ሳሙና መሆኑ የታወቀው በከንፈራቸው ዳርና ዳር አረፋ ሲወጣ ነው። አልዋጡም፤ አልተፉምም። በዚህ ክፍል መትፋት ክልክል መሆኑን ባለፈው ዓመት በፊርማቸው ያወጡት እሳቸው ስለሆኑ፣ ጉንጫቸውን ነፍተው በዓይናቸው መመሪያ ይጠይቁ ነበር።

ጠበቃው ጉዳዩ በአጀንዳ ያልተያዘ ስለሆነ ለመወያየት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደሚያስፈልግ ገለጹ። ድምፅ ተሰጠ፤ አለፈ። ሊቀመንበሩ እጃቸውን ሲያወራጩ የነበረው በድጋፍ ተይዟል። ከዚያም ምን ይደረግ በሚለው ላይ ሐሳቦች ቀረቡ። እትዬ ባለሱቅ ዘይት ይጠጡና ያስመልሳቸው አሉ። ቧንቧ ሠራተኛው የጨው ውሃ አለ፤ እትዬ ባለሱቅ አሁን ጨው ተፈለገ ወይ ብለው ተቆጡ። ጠበቃው ጥሬ እንቁላል፣ ጸሐፊው ደግሞ ጀርባቸው ይመታ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እንቁላሉና ዘይቱ እኩል ድምፅ አገኙ። የሊቀመንበሩ ድምፅ ወሳኝ ቢሆንም ሊቀመንበሩ ድምፅ ለመስጠት አፋቸው ስላልፈቀደላቸው ድምፀ ተአቅቦ ተመዘገበላቸው።

ነርሷ ከወንበሯ ተነስታ ሊቀመንበሩን በኮሌታቸው ይዛ ጥግ ላይ ካለው ቧንቧ ዘንድ ወሰደቻቸው። የተናገረችው ለጸሐፊው ግልጽ ሆኖ ተሰምቶታል፦ «ይትፉት! መሬት ላይም ቢሆን ይትፉት! ማንም እንዳያስመልሳቸው፤ ሲመለስ አረፋው ወደ ሳንባ ይገባል። አፍዎን ይጉመጥመጡ። አሁንም ይጉመጥመጡ!» ሊቀመንበሩ ተፉ። ውሃው ለረዥም ጊዜ አረፋ ሆኖ ወረደ።

ነርሷ ተመልሳ ሳትቀመጥ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሌላ ጠርሙስ አነሳች። ክር የለበትም። የቧንቧ ሠራተኛው አሲድ ነበር፤ ከሳሙናው ጎን ለጎን ነው የቆመው። «ጋሼ እጅዎ ትንሽ ወደ ቀኝ ቢሄድ ኖሮ አሁን የምናወራው ሌላ ነው» አለች። «እርስዎ ደግሞ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ያመጡትንም ያውቃሉ። ሚጡ ብትሆንስ?»

በዚህ ጉዳይ ረዥም ውይይት አልተደረገም። ቧንቧ ሠራተኛው አሲዱን ከነርሷ እጅ ተቀብሎ ወደ ብስክሌቱ ሣጥን አስገብቶ ቆለፈው፤ ከዚያም ሳይጠየቅ መጥቶ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ እሷ ቤት ከመስፊያ መኪናዋ ሥር ክር የታሰረበት በረኪና መኖሩን፣ ያም ሚጡ የምትጫወትበት ቦታ መሆኑን ተናገረች። «እኔ አራት ቀን ሙሉ ቅጠሉን ስረግም ነበር» አለች። ይመዝገብ አላለችም፤ ጸሐፊው ግን መዝግቦታል።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ሊቀመንበሩ በተዳከመ ድምፅ፣ በቃላቸው መካከል አልፎ አልፎ አረፋ እየወጣ፣ እስካሁን የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ራሳቸው ሐሳብ አቀረቡ። ጉሎውም ነገ እንደሚነቀል፣ ሁለቱ ስንዝር በደንብ እንዳልተለካ አመኑ። ሁሉም ደገፈ። ጸሐፊው ሽረቱን ለመጻፍ ብዕሩን ሲያነሳ በሩ ተከፈተና ፖስተኛው ገቡ።

የእጅ ጓንት አድርገዋል። በጀርባቸው ጆንያ አዝለዋል። ጆንያውን ወለሉ ላይ በቀስታ አስቀምጠው፣ እንደ ድሮ ሥራቸው ቀጥ ብለው ቆመው፣ «ውሳኔ አንድ ደርሷል» አሉ። ከጆንያው አፍ የተቆራረጠ ወፍራም ግንድና ነጭ ጠቃጠቆ ያለበት ቅጠል ይታይ ነበር።

በኮሚቴው ታሪክ በተወሰነበት ቀን የተፈጸመ ውሳኔ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጠበቃው የተፈጸመ ውሳኔ እንደማይሻር ለመናገር ጀምረው ተዉት። ሊቀመንበሩ ተነስተው ወንበራቸውን ለፖስተኛው ለቀቁ፤ እንዲህ ሲያደርጉ ታይተው አይታወቁም።

ልብስ ሰፊዋ «ጋሼ፣ ምነው ትንሽ ቢቆዩ?» አለች፤ አለቀሰችም። ፖስተኛው እንዲህ መለሱ፦ «አይዞሽ የኔ ልጅ። ሚጡ ስትነክሰው ውሃ ልቀዳ ዞር ያልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ብትኖር በዚያው ማክሰኞ ትቆርጠው ነበር። እኔ ነኝ እሷን ሁለተኛ የምቀብራት እየመሰለኝ የዘገየሁት።»

ሰው ሁሉ ወደ ጆንያው አጎነበሰ። ጸሐፊው በዚህ ቦታ የሚጻፍ የቢሮ ቃል ፈልጎ አላገኘም።

ቀድማ ቀና ያለችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሚጡ ከማክሰኞ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ኩባያዋን ይዛ በር በሩን እንደምትል፣ «አባባ ጋ» እያለች እንደምታለቅስ ተናግራ፣ «አሁን ሄዳ ማንን ታጠጣ?» ስትል ጠየቀች። ጥያቄው ለማን እንደቀረበ ግልጽ አልነበረም። ነርሷ ጆንያውን ከፈት አድርጋ አየችና፣ የዚህ ተክል ግንድ ተቆራርጦ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ እንደገና እንደሚያቆጠቁጥ፣ በጓንት መነካት ብቻ እንዳለበት አስታወቀች። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «እንግዲያው አንዱን ለእኔ ይስጡኝ። ከቁም ሣጥኔ አናት ላይ፣ ሚጡ ቀርቶ እኔም ያለ ወንበር የማልደርስበት አስቀምጠዋለሁ። አንዱ ከደረቀ ሌላው ይያዝ፤ ሁላችሁም ውሰዱ» አለች። እትዬ ባለሱቅ ሁለት ወሰዱ። ጠበቃው ፊርማ ይፈለጋል ወይ ብለው ጠይቀው፣ ሳይፈርሙ ወሰዱ። ቧንቧ ሠራተኛው ብስክሌቱ ላይ ጫነ፤ ሊቀመንበሩ በወረቀት ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ያዙ። ሚጡ ነገ ጠዋት እንደወትሮው ኩባያዋን ይዛ እንድትመጣ፣ ግንዱ እስኪያቆጠቁጥ ድረስም የፖስተኛውን ጫማ እንድታጠጣ በፖስተኛው ጥያቄ ተፈቅዷል።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሚከተለው ውሳኔ ተጠናቀቀ።

ውሳኔ አምስት፦ በዛሬው ዕለት የተላለፉት ውሳኔዎች ሁሉ ተሽረዋል። ውሳኔ አንድ አስቀድሞ ተፈጽሞ ስለተገኘ፣ ሽረቱ ሥር እስኪያወጣ ድረስ በየአባላቱ ቤት ውሃ ውስጥ ይቆያል።